ንጉሠ ጽድቅ በቁማር ገበታ ፊት

በሰሜን ህንድ፣ በጋንጅስና በያሙና ወንዞች መካከል ባለው ለም ምድር የኖሩት የጥንት መኳንንት ከአደንና ከሠረገላ እሽቅድምድም ጋራ አብዝተው የሚወዱት ጨዋታ ቁማር ነበረ። የሚቆምሩትም ዛሬ እንደምናውቀው ስድስት ገጽ ባለው ጠጠር ሳይሆን ቪቢዳካ ከሚባል ዛፍ በሚለቀም ደረቅና ጠንካራ ፍሬ ሲሆን፣ ሊቃውንት እንደሚተረጉሙት ተጫዋቹ ከክምሩ ላይ አፍሶ ይዘረግፍና አራት አራት እያደረገ ይቆጥረዋል፤ ያለ ትርፍ ለአራት የተካፈለለት በላ ይባላል፤ አንዲት ፍሬ ብቻ የተረፈችበት ግን ተበላ ይባላል። የዚህች የመጨረሻዪቱ ክፉ ዕጣ ስሟ ካሊ ነው፤ ህንዶችም የዓለምን ዘመን ለአራት ከፍለው በአራቱ የቁማር ዕጣዎች ስም ሲሰይሙት፣ አሁን የምንኖርበትን የኋለኛውንና የከፋውን ዘመን ካሊ ብለውታል። ከመጻሕፍቶቻቸው ሁሉ በሚቀድመው በሪግ ቬዳ እንኳ፣ በ10ኛው ክፍል በ34ኛው መዝሙር፣ ሚስቱ ያባረረችው፣ አማቱ የጠላችው፣ ዳግመኛ አልሄድም ብሎ ምሎ ሳለ የፍሬው ድምፅ በሰማ ጊዜ እግሩ ወደ ቁማር ቤት የሚጐትተው ሰው ልቅሶ ተጽፎ ይገኛል።

በዚህ ልማድ ውስጥ ተወልዶ ያደገ፣ በጽድቁ ወደር የለውም እየተባለ የተመሰገነ፣ ነገር ግን በአንድ ጉባኤ መንግሥቱንና ወንድሞቹን፣ ራሱንና ሚስቱን የተበላ ንጉሥ ነገር የሚተረከው ማሃባራታ በተባለው መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ በ18 ክፍል ተከፍሎ 100,000 ያህል ባለሁለት መስመር ስንኞችን የያዘ ሲሆን፣ ህንዶች ቪያሳ የተባለ ባሕታዊ ደረሰው ይላሉ፤ የዛሬ ሊቃውንት ግን ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ400 ዓመት ገደማ ጀምሮ ከልደት በኋላ እስከ 400 ዓመት ገደማ ድረስ እየተጨመረበት የሰፋ የብዙ ትውልድ ድርሰት መሆኑን ይገምታሉ። በእውነት የተፈጸመው ምን ያህሉ ነው የሚለውን ክርክር ለባለሙያዎቹ ትቼ፣ እኔ ነገሩን መጽሐፉ ባስቀመጠው ተራ አወራዋለሁ።

በሃስቲናፑራ ከተማ በነገሠው ቤት ውስጥ በኵሩ ድሪታራሽትራ ከእናቱ ማሕፀን ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደ ዘውዱ ለታናሽ ወንድሙ ለፓንዱ ተላለፈ። ፓንዱ ከሁለቱ ሚስቶቹ አምስት ልጆች ነበሩት፤ ከኩንቲ ዩዲሽቲራ፣ ቢማና አርጁና፣ ከማድሪም መንታዎቹ ናኩላና ሳሃዴቫ ሲሆኑ፣ መጽሐፉ የሥጋ አባቶቻቸውን አማልክት ያደርጋቸዋል፤ የበኵሩ የዩዲሽቲራም አባት ዳርማ፣ ማለት የጽድቅና የሕግ አምላክ ነው። ፓንዱ በሞተ ጊዜ አልጋው በዕውሩ ወንድሙ እጅ ቀረ፤ ድሪታራሽትራም ባሏ የማያየውን እኔም አላይም ብላ ዓይኗን በጨርቅ ካሰረችው ከጋንዳሪ 100 ወንዶች ልጆች ወለደ። የእነዚህ የመጀመሪያው ዱርዮዳና ነው። ጋንዳሪም በዛሬው አፍጋኒስታንና ፓኪስታን ወሰን አካባቢ ከነበረው ከጋንዳራ መንግሥት የመጣች ልዕልት ስትሆን፣ ሻኩኒ የሚባለው ወንድሟ በእኅቱ ቤት እንደ ባለቤት ተቀምጦ የእኅቱን ልጅ የሚመክር ሰው ነበረ።

የአጎትና የወንድም ልጆች በአንድ ቤት መኖር ባቃታቸው ጊዜ ዕውሩ ንጉሥ ምድሩን ከፍሎ ለፓንዱ ልጆች ጫካውንና ጠፉን ሰጣቸው፤ እነርሱም ጫካውን አቅንተው ኢንድራፕራስታ የምትባል ከተማ ሠሩ፤ ይህችም ዛሬ ደልሂ ባለችበት ቦታ እንደ ነበረች በአፈ ታሪክ ይነገራል። አምስቱም ወንድሞች የፓንቻላን ንጉሥ ልጅ ድራውፓዲን በአንድነት አግብተው ነበር። ዩዲሽቲራ በዚያ ነግሦ፣ ዙሪያውን ያሉት ነገሥታት ገብረውለት፣ ራጃሱያ የሚባለውን የንጉሠ ነገሥትነት መሥዋዕት ባሳረገ ጊዜ፣ የየአገሩን ግብር እንዲቀበል የተሾመው ዱርዮዳና ራሱ ነበረ፤ የሚጎርፈውን ወርቅና ዕንቍ ተቀብሎ ለመጨረስ እጁ አልበቃውም። ያ ሰው የሌላውን ሀብት ቆሞ እየቆጠረ መዋሉ ሳያንስ፣ ማያ የተባለ ጥበበኛ በሠራው አዳራሽ ውስጥ ሲዘዋወር የመስተዋት ወለሉን ውኃ መስሎት ልብሱን ሰበሰበ፤ ዞር ብሎም እውነተኛውን ኩሬ ወለል መስሎት ከነልብሱ ገባበት። ቢማ ሳቀ፤ አሽከሮቹም ሳቁ፤ ድራውፓዲም ከደንገጡሮቿ ጋራ ሳቀች። ደረቅ ልብስ አምጥተው ሰጡት፤ ሳቁን ግን መልሶ የሚወስድለት ሰው አልነበረም።

ዱርዮዳና ወደ ሃስቲናፑራ ሲመለስ መልኩ ገርጥቶ፣ እሳት ውስጥ እገባለሁ፣ መርዝ እጠጣለሁ እያለ ለአጎቱ ለሻኩኒ ኀዘኑን ነገረው። ሻኩኒም እነዚህን ሰዎች በጦር የሚችላቸው እንደሌለ፣ ነገር ግን ዩዲሽቲራ ቁማር እጅግ እንደሚወድ፣ መጫወት ግን እንደማያውቅ፣ ቢጠሩትም እንቢ እንደማይል ነገረው። በዚህ አንድ አነጋገር የንጉሡ ሕመም ከነሥሩ ታይቷል፤ ባላጋራው ከወዳጆቹ ይልቅ አጥንቶታል። ዕውሩ አባት መጀመሪያ ከጠቢቡ ወንድሙ ከቪዱራ ጋራ ልማከር ብሎ አመነታ፤ የልጁን ልቅሶ በሰማ ጊዜ ግን ምክሩን ተወና አዳራሽ እንዲሠራ አዘዘ፤ ጥሪውንም የሚያደርስ ራሱ ቪዱራ እንዲሆን አደረገ።

ቪዱራ መልእክቱን ሲያደርስ የተጠራበት ነገር ጥፋት መሆኑን አልሸሸገም። ዩዲሽቲራም ቁማር ጠብ እንደሚወልድ ያውቃል፤ እነማን ይጫወታሉ ብሎ ጠይቆ የሻኩኒንና የባልንጀሮቹን ስም በሰማ ጊዜም አታላዮች መሆናቸውን ራሱ ተናገረ። ይህን ሁሉ ካወቀ በኋላ ግን የአባት ወንድም ትእዛዝ አይናቅም፣ ሰውም ከዕጣ ፈንታው አያመልጥም፣ የተጠራሁበትን ጨዋታ እንቢ ላልል ቃል አለብኝ ብሎ ሠረገላውን አስጫነ። የኛ መጽሐፍ ሄሮድስ ስለ መሐላው ሲል የዮሐንስን ራስ በወጭት እንደ ሰጠ ይነግረናል፤ እንግዲህ በነገሥታት ዘንድ የማይገባ ቃል መግባት ብርቅ አይደለም። በዩዲሽቲራ የሚያስደንቀው ግን ያ ቃል ከምኞቱ ጋራ መግጠሙ ነው፤ ሰው በሚወደው ነገር ላይ ያለበትን ቃል ኪዳን ሲጠብቅ ማን ሊመሰክርለት ይችላል?

በማግሥቱ ጠዋት አንድ ሺህ ምሰሶና መቶ በር ባለው አዳራሽ ገብተው ተቀመጡ። ዱርዮዳና መያዣውን እኔ አቀርባለሁ፣ ስለ እኔ የሚጥለው ግን አጎቴ ሻኩኒ ነው አለ። ዩዲሽቲራ አንዱ ስለ ሌላው መጫወቱ ደንብ አለመሆኑን ተናገረ፤ ተናግሮም ተቀመጠ። መጀመሪያ በወርቅ የተሠራ የከበረ የዕንቍ ሐብል አስያዘ። ሻኩኒ ጣለና አንዲት ቃል ብቻ ተናገረ፤ በእኛ አፍ ብትተረጐም «በላሁ» ማለት ናት። ቀጥሎ የወርቅ ገንዘብ የሞላባቸውን ማሰሮዎች አስያዘ፤ በላሁ። በነብር ቆዳ የተለበጠውን የንግሥ ሠረገላ ከነፈረሶቹ አስያዘ፤ በላሁ። ገረዶቹን፣ አሽከሮቹን፣ ዝሆኖቹን፣ የጦር ሠረገሎቹን፣ የመዳብና የብረት ሣጥኖቹን በየተራ አስያዘ፤ መልሱ አልተለወጠም። ደራሲው ይህን ክፍል ያለ ጌጥ፣ እንደ ግምጃ ቤት መዝገብ፣ ገቢና ወጪ በሚመዘገብበት አኳኋን ጽፎታል፤ በእኔ አስተያየት ከመጽሐፉ ጦርነት ሁሉ ይልቅ የሚያስፈራው ይህ ነው። ቁማርተኛው በየጊዜው ሀብቱን ሲያቀርብ ውበቱንና ብዛቱን ይዘረዝራል፤ የሰጠውን ሳይሆን የቀረውን የሚቈጥር ይመስላል።

በመካከል ቪዱራ ተነሥቶ ለዕውሩ ወንድሙ፣ ዱርዮዳና በተወለደ ጊዜ ቀበሮ እንደ ጮኸ አስታውሶ፣ ቤትን ለማዳን አንዱን ሰው መተው እንደሚሻል አስጠነቀቀው። ዱርዮዳና አጎቱን የሰው እንጀራ በልቶ ለሰው የሚቆም ከዳተኛ ብሎ ሰደበው፤ ንጉሡም ዝም አለ። ጨዋታው ቀጠለና ከብቱ፣ ከተማው፣ አገሩ ከነሕዝቡ ሄደ፤ የተረፈው የካህናቱ የብራህማኖች ንብረት ብቻ ነበረ። ከዚያ በኋላ የሚያስይዘው ሀብት ስላልነበረ ወደ ሰው ተሻገረ። ናኩላን አስያዘ፤ ተበላ። ሳሃዴቫን አስያዘ፤ ተበላ። እዚህ ላይ ሻኩኒ፣ የእንጀራ እናትህን ልጆች ተበልተሃል፣ የእናትህን ልጆች ግን የምትሳሳላቸው ይመስለኛል ብሎ ነካው፤ ንጉሡም ይህን ስድብ ሊያስተባብል አርጁናንና ቢማን ሰጠ። ከእነርሱም ቀጥሎ ራሱን አስያዘ፤ ራሱንም ተበላ። አሁን ከሻኩኒ አፍ የመጨረሻው ምክር ወጣ፤ ድራውፓዲ ገና አለችልህ፣ በእርሷ ራስህን ተቤዥ አለው። ዩዲሽቲራ የሚስቱን መልክና ጠባይ፣ ከሁሉ በኋላ ተኝታ ከሁሉ በፊት እንደምትነሣ፣ እረኛው እንኳ ምን እንደ ሠራ እንደምታውቅ እያመሰገነ አስያዛት። ሽማግሎቹ ነውር ነው እያሉ ሲጮኹ፣ ቪዱራ ራሱን በእጁ ይዞ ወደ ምድር ሲያቀረቅር፣ ዕውሩ ድሪታራሽትራ ደስታውን መሸሸግ አቅቶት ተበላች ወይ፣ ተበላች ወይ እያለ ደጋግሞ ይጠይቅ ነበር። ተበላች።

ድራውፓዲን እንዲያመጣ የተላከው አሽከር በደረሰ ጊዜ እርሷ አላለቀሰችም፤ ይልቅስ አንድ ጥያቄ ሰጥታ መለሰችው፤ ንጉሡ አስቀድሞ የተበላው ራሱን ነው ወይስ እኔን? ራሱን አስቀድሞ ተበልቶ እንደ ሆነ፣ የሌላ ሰው ባርያ የሆነ ሰው ነጻ ሴትን ለማስያዝ ሥልጣን ከየት አገኘ? ዩዲሽቲራ ነፍስ እንደሌለው ሰው ተቀምጦ መልስ አልሰጠም። የዱርዮዳና ወንድም ዱሻሳና ሄዶ፣ በወር አበባዋ ምክንያት በአንድ ልብስ ብቻ ተሸፍና የነበረችውን ንግሥት፣ በንግሥ ቀን በተቀደሰ ውኃ የተረጨውን ጠጉሯን ይዞ እየጐተተ ወደ ጉባኤው አገባት። በዚያም ጥያቄዋን በፊታቸው ደገመችው። የነገዱ ታላቅ ሽማግሌ ቢሽማ፣ ሀብት የሌለው ሰው የሌላውን ሊያስይዝ እንደማይችል፣ ሚስት ግን በባሏ ሥልጣን ሥር እንደሆነች አመዛዝኖ፣ የሕግ ነገር ረቂቅ ነውና ልፈታው አልችልም አለ። ከመቶው ወንድማማች አንዱ ወጣቱ ቪካርና ብቻ ተነሥቶ የነገሥታት ክፉ ልማድ አራት መሆኑን፣ እነርሱም አደን፣ መጠጥ፣ ቁማርና ሴት መሆናቸውን፣ በእነዚህ የሰከረ ሰው ያደረገው ነገርም እንደ ተደረገ እንደማይቆጠር ተናግሮ፣ ድራውፓዲ አልተበላችም ብሎ ፈረደ። የዱርዮዳና ወዳጅ ካርና በቍጣ ቃሉን አፈረሰበትና ልብሷን ግፈፉ አለ። ዱሻሳናም ልብሷን በጐተተ ቍጥር ሌላ ልብስ ከሥሩ ይወጣ ጀመር፤ ጨርቁ ተከምሮ እርሱም ደክሞና አፍሮ ተቀመጠ። ብዙዎቹ ቅጂዎች ይህን ያደረገው ክሪሽና የተባለው አምላክ ነው ይላሉ፤ በፑኔ ከተማ ከ1919 እስከ 1966 እ.ኤ.አ. የብራና ቅጂዎችን አመሳክረው የጥንቱን ንባብ ያወጡት ሊቃውንት ግን ስሙን በዚህ ስፍራ አላገኙትም፤ ልብሱ ያለ ማብራሪያ ይመጣል።

ቢማ ገና ቪካርና ሳይናገር ወደ ሳሃዴቫ ዞሮ፣ እሳት አምጣ፣ የዚህን ሰው እጆች ላቃጥል ብሎ ጮኸ፤ ያለውም ስለ ታላቅ ወንድሙ ስለ ንጉሡ ነው። አርጁና ያዘው። ቢማ ኋላ በቀረው ቍጣው የዱሻሳናን ደም እጠጣለሁ፣ ጭኑን ለድራውፓዲ ገልጦ ያሳያትን የዱርዮዳናን ጭን እሰብራለሁ ብሎ ማለ። በቤተ መንግሥቱ ውስጥ ቀበሮ ሲጮኽ በተሰማ ጊዜ ዕውሩ ንጉሥ ፈራና ድራውፓዲን ልጄ ብሎ የፈለገችውን እንድትለምን ነገራት። አንደኛ የዩዲሽቲራን ነጻነት፣ ልጄ የባርያ ልጅ እንዳይባል ስትል ለመነች፤ ሁለተኛ የአራቱን ወንድማማች ነጻነት ከነመሣሪያቸው ለመነች፤ ሦስተኛውን ስጦታ ግን ስስት ይሆንብኛል ብላ ተወችው። ካርና እንኳ ይህች ሴት ለሰጠሙት ታንኳ ሆነቻቸው አለ። ንጉሡ ሀብታቸውንም መንግሥታቸውንም መልሶ አሰናበታቸው። ጥያቄዋ ግን ሳይፈረድ ቀረ፤ ነጻነቷንም የሰጣት ምሕረት እንጂ ሕግ አልነበረም።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ዩዲሽቲራን አንድ ቀን የሳተ ሰው ነው ብለን በይቅርታ በተሰናበትነው ነበር። ነገር ግን ገና በመንገድ ሳሉ ለአንዲት ዕጣ ብቻ ይመለስ የሚል መልእክት ደረሰው። ጋንዳሪ ባሏን ልጅህን ተው እንጂ ቤትህን አታጥፋ ብላ ለምናው አልሰማትም ነበር። መያዣው የተበላው ወገን 12 ዓመት በዱር እንዲኖር፣ 13ኛውንም ዓመት በሰው መካከል ማንነቱን ሸሽጎ እንዲያሳልፍ፣ ቢታወቅ ግን ሌላ 12 ዓመት እንዲጨመርበት የሚል ነው። ዩዲሽቲራ ሻኩኒ አታላይ መሆኑን እያወቀ ተመለሰ፤ ተቀመጠ፤ አንድ ጊዜ ተጣለ፤ በላሁ የሚለው ቃል ተሰማ። ነገሥታቱ የአጋዘን ቆዳ ለብሰው ወጡ።

በዱር ሳሉ ቢማ ታላቅ ወንድሙን በነገር ሲያቆስለው፣ ዩዲሽቲራ አስቀድሞ ለማንም ያልተናገረውን ተናገረ፤ ጠጠሩን የያዘው የዱርዮዳናን መንግሥት ለመውሰድ ተመኝቶ እንደ ነበረ፣ የሻኩኒንም ተንኮል እያየ መተው ሲችል ቍጣ ትዕግሥቱን እንዳሸነፈበት ተናዘዘ። የአጎት ትእዛዝ፣ ቃል ኪዳን፣ ዕጣ ፈንታ ሲል የቆየው ሁሉ በዚህ ኑዛዜ ፊት ይቀልላል። ቁማርተኛ ሁሉ የሰው ይመኛል፤ ይህኛው ምኞቱን በጽድቅ ካባ ሸፍኖት ነበርና ሌላው ቀርቶ ራሱም ሳያየው ቆየ። ስለዚህም ከሻኩኒ ተንኮል ይልቅ የዩዲሽቲራ ምግባር አደገኛ ነበረ ብል የተሳሳትኩ አይመስለኝም።

እኔን የመሰለ ምስኪን ንጉሥ ኖሮ ያውቃል ወይ ብሎ በጠየቀ ጊዜም ብሪሃዳሽቫ የተባለ ባሕታዊ የናላን ታሪክ ነገረው። ናላ በካሊ መንፈስ ተይዞ መንግሥቱን በወንድሙ በፑሽካራ የተበላ፣ ሚስቱን ዳማያንቲንም በጫካ ጥሏት የሄደ ንጉሥ ነው። ኋላ የአዮድያው ንጉሥ ሪቱፓርና ሠረገላ ነጂ ሆኖ ሲያገለግል፣ ጌታው አንድ የቪቢዳካ ዛፍ በዓይኑ አይቶ ብቻ ቅጠሉንና ፍሬውን ቈጠረለት፤ ናላም ሠረገላውን አቁሞ ቈጥሮ ልክ ሆኖ ስላገኘው የፈረስ ዕውቀቱን ሰጥቶ የቍጥሩን ጥበብ ተማረ። በዚያች ሰዓት ካሊ መርዙን እያስታወከ ከሰውነቱ ወጥቶ በዛፉ ውስጥ ገባ፤ የቁማሩ ፍሬ በሚለቀምበት በዚያው ዓይነት ዛፍ ማለት ነው። ናላም በአንዲት ዕጣ መንግሥቱን አስመለሰ። ባሕታዊው ታሪኩን ሲጨርስ ያንኑ የጠጠር ጥበብ ለዩዲሽቲራ አስተማረው፤ የተበላው ንጉሥ መጫወት የተማረው መንግሥቱን ካጣ በኋላ ነው።

በ13ኛው ዓመት ወንድማማቾቹ በማትስያው ንጉሥ በቪራታ ቤት ስማቸውን ለውጠው ሲያገለግሉ፣ ዩዲሽቲራ የመረጠው ሥራ ካንካ ተብሎ የንጉሡ የቁማር ባልንጀራ መሆን ነበረ። አንድ ቀን ቪራታ ልጄ ብቻውን ጦር ድል አደረገ ብሎ ሲመካ፣ ካንካ ድሉ ሴት መስሎ አብሮት የሄደው የዘፈን መምህር ነው አለ፤ ያም አርጁና ነው። ቪራታ ተቆጥቶ በእጁ ያለውን ጠጠር ፊቱ ላይ ወረወረበት፤ ከአፍንጫው ደም ፈሰሰ። ዩዲሽቲራ ደሙ መሬት እንዳይነካ በእፍኙ ተቀበለው፤ ገረድ መስላ የቆመችው ድራውፓዲም ነገሩ ገብቷት ውኃ ያለበት የወርቅ ጻሕል አቅርባ ያዘችለት። በእርሷ ላይ የተጣለው ጠጠር ያመጣውን ደም ተቀባይዋ እርሷው ሆነች።

ዘመኑ ሲፈጸም የፓንዱ ልጆች አምስት መንደር ብቻ እንዲሰጣቸው ጠየቁ፤ ዱርዮዳና የመርፌ ጫፍ የምታህል መሬት አልሰጥም አለ። በኩሩክሼትራ ሜዳ 11 ሠራዊት በ7 ሠራዊት ላይ ተሰልፎ 18 ቀን ተዋጋ። ቢማ በ17ኛው ቀን የዱሻሳናን ደም ጠጣ፤ በ18ኛው ቀን ሻኩኒን ሳሃዴቫ ገደለው፤ የዱርዮዳናም ጭን ተሰበረ። ዩዲሽቲራ ራሱ የመምህሩ የድሮና ልጅ ሞተ ብሎ የሚያሳስት ቃል በተናገረ ጊዜ፣ እስከዚያ ቀን ከምድር አራት ጣት ከፍ ብሎ ይሄድ የነበረው ሠረገላው መሬት ነካ። ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ዕውሩ አጎቱ የሞቱትን ቍጥር በጠየቀው ጊዜ 1,660,020,000 ሰው ብሎ መለሰለት። በእንዲህ ያለ ምድር ላይ 36 ዓመት ነገሠ።

በመጨረሻም አምስቱ ወንድማማችና ድራውፓዲ መንግሥቱን ትተው ወደ ሂማላያ ወጡ። በመንገድ ድራውፓዲ ወደቀች፤ ከእርሷ በኋላ አራቱ ወንድሞቹ በየተራ ወደቁ፤ ዩዲሽቲራ አንድ ውሻ ብቻ አስከትሎ ሰማይ ደረሰ። በዚያም ዱርዮዳና በክብር ዙፋን ላይ ተቀምጦ አገኘው፤ ወንድሞቹን ባጣ ጊዜም ወደ ሲኦል ወስደው የጨለማውን ስፍራ አሳዩት። የአማልክት ንጉሥ ኢንድራ ሊያጽናናው መጥቶ ይህን ሲኦል ለምን እንዳየ ነገረው፤ ስለ ድሮና ልጅ በተናገርከው የማታለያ ቃል ምክንያት ነው አለው። ስለ ጠጠሩ ግን ምንም አላነሣም።